የሩቅ ደሴት በረራና የነዳጅ ውሳኔ

ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ ሩቅ ደሴት ለሚበር አይሮፕላን ነዳጅ የመንገድ ስንቁ ነው። በየብስ ላይ የሚበር አብራሪ ማረፊያው በጉም ቢሸፈንበት ወደ ጎረቤት ማረፊያ ይዞራል፤ የደሴት ጎረቤት ግን ሩቅ ስለ ሆነ፣ መዞሪያ ነዳጅ አስቀድሞ ካልተጫነ መመለስ የማይቻልበት ሰዓት ይደርሳል። ታዲያ ውሳኔው የማን ነው? እኛም ይህን ጥያቄ በአንድ አደጋ ታሪክ እንመረምራለን። ዘመኑን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአውስትራሊያ ግዛት ከሆነችው ከኖርፎክ ደሴት እስከ ኒው ካሌዶኒያ ከተማ እስከ ኑሜያ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኖቬምበር 18 ቀን 2009 ዌስትዊንድ የተባለ አነስተኛ ጄት በሽተኛ ይዞ ከሳሞአ ከተማ ከአፒያ ወደ ሜልቦርን ተነሣ፤ ነዳጅ የሚቀዳውም በኖርፎክ ነበር። የአየር ጠባዩ ትንበያ ደህና ስለ ነበረ በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ታንኮች አልተሞሉም። በመንገድ ሳለ ግን ደመናው ዝቅ አለ። የተሻሻለው ትንበያ ከፊጂ ተቆጣጣሪዎች ለአብራሪዎቹ አልተላለፈም። ወደ ደሴቲቱ ቀርበው የአየሩን ክፋት በተረዱ ጊዜ፣ ለመዞር የሚበቃ ነዳጅ እንዳልቀራቸው ገመቱ። በጨለማ 4 ጊዜ ለማረፍ ሞክረው ስላልተሳካላቸው በባሕር ላይ አረፉ። ከደሴቲቱ የወጣ ጀልባ 6ቱንም ሰዎች በሕይወት አዳናቸው።

በ2012 የወጣው የመርማሪዎች መግለጫ በይበልጥ የአብራሪዎቹን ዝግጅት ስለ ተመለከተ በአገሩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ዘንድ ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት፤ ምርመራውም እንደገና ተከፍቶ በ2017 ተፈጸመ። ሁለተኛው መግለጫ የአብራሪዎቹን ጉድለት ሳይሸሽግ የኩባንያውን አሠራርና የመንግሥትን ደንብ ጭምር መዘነ።

ከሁሉ ይልቅ የምናስተውለው ደንቡን ነው። በኪራይ መንገደኛ የሚያጓጉዝ አይሮፕላን ወደ እንዲህ ያለ ደሴት ሲበር፣ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚያደርስ ነዳጅ እንዲይዝ ይገደድ ነበር። የበሽተኛ ማመላለሻ በረራ ግን «የአየር ላይ ሥራ» ከሚባለው ክፍል ስለ ተቆጠረ ግዴታው አልነካውም። ስለዚህ በአልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ከጤነኛው መንገደኛ ያነሰ ጥበቃ ነበረው።

በእኛ አስተያየት አብራሪው በአየር ላይ የሚመርጠው፣ በምድር ላይ ከቀረለት ምርጫ ነው። ታንኩ ሲሞላ የሚወስነውም እርሱ ብቻ አይደለም፤ ደንብ አውጪውና አሠሪው ከእርሱ ጋር ይወስናሉ። በጥፋቱም ቢሆን ድርሻቸው ሊመዘን ይገባል።