ጋሻው ምን ይላል?

ከዓመታት በፊት፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምርበት በነበረው ተቋም ውስጥ አርማ የሚያወጣ ኮሚቴ አባል ሆንኩ። ሰዓሊው ንጹሕ ጋሻ ሥሎ አመጣልን፤ መኻሉ ላይ አንድ ችቦ፣ ሌላ ምንም። እኛ ደግሞ ባዶ ቦታ ስናይ አያስችለንም። አንዱ የተቋሙ ስም ይግባ አለ፤ አንዱ የተመሠረተበት ዓመት፤ ሌላው ስሙ በእንግሊዝኛም ይደገም አለ። መሪ ቃሉ ለእኔ ተተወ። በግእዝ "ጥበብ ለኵሉ" አልኩ፤ ጥበብ ለሁሉም ማለቴ ነው። ተጨበጨበልኝ።

የጋሻ አርማን ታሪክ ያኔ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ነገሩ የተጀመረው በ12ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ ምዕራብ አውሮፓ ውስጥ ነው። ፈረሰኛው ፊቱን በብረት ቁር ሲሸፍን፣ ወዳጁም ጠላቱም የሚለየው በጋሻው ሥዕል ሆነ። ስለዚህ ሕጉ የዓይን ሕግ ነው። ወርቅና ብር በአንድ ወገን፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁርና አረንጓዴ በሌላ ወገን ይቆጠራሉ፤ ወርቅ በብር ላይ፣ ቀይ በሰማያዊ ላይ አይደረብም። ለምን ቢሉ፣ ከሩቅ አይለይማ! በእንዲህ ያለ ጋሻ ላይ ፊደል ምን ይሠራል? አብዛኛው ተዋጊ ማንበብ አይችልም፤ የሚችለውም ፈረስ እየጋለበ አያነብም። የእኛም መኳንንት ጋሻ ከፋይ ለብሶ በብር ጌጥ ሲያሸበርቅ፣ የባለቤቱ ማዕረግ ያለ አንዲት ፊደል ይታወቅ ነበር።

ቃል የመጣው ኋላ ነው። ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ያረፈው ከጋሻው ውጪ በሚዘረጋ ጥብጣብ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር መሪ ቃል የአርማው ዋና አካል ተደርጎ አይቆጠርም፤ ባለቤቱ ሲሰለቸው ይለውጠዋል። ስኮትላንድ ግን ከአርማው ጋር ይመዘገባል፤ ያለ አርማ ሹሙ ፈቃድ ንክች የለም። (የእኛ አገር መፈክሮች ስኮትላንድ ተመዝግበው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።)

ደፍረው ጋሻው ውስጥ የገቡ ቃላትም አሉ። የሮማ ከተማ ቀይ ጋሻ ላይ "የሮማ ሸንጎና ሕዝብ" የሚለው በአራት የላቲን ፊደላት አጥሮ ተጽፏል። ኦክስፎርድ ቃሉን ያሰፈረው ጋሻው ላይ በተሣለ የተገለጠ መጽሐፍ ገጾች ላይ ነው። የሃርቫርድ ግን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1643 ኮሌጁ ሦስት መጻሕፍት ያሉበት ጋሻ ወሰነ፤ በመጻሕፍቱም ላይ "ቬሪታስ" የሚለው ቃል፣ እውነት ማለት ነው፣ ተከፋፍሎ ተጻፈ፦ ቬ፣ ሪ፣ ታስ። በእኛ ፊደል ቢሆን አራተኛ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበር! ንድፉ ግን መዝገብ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ፤ በማኅተሙ ላይ ሌላ መሪ ቃል ገባ። ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ፕሬዚዳንቱ ጆሳያ ኲንሲ የኮሌጁን ታሪክ ሲያጠኑ አገኙት። በ1843 ማኅተም ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ተሻረ፤ በ1885 ተመለሰ። እውነት እንኳ ተሽሮ ይመለሳል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቋንቋው ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት ትልቁ ኒሻን፣ ጋርተር፣ የአርማውን ጋሻ የሚከብበው ቃል ፈረንሳይኛ ነው፤ "ክፉ የሚያስብ ይፈር" እንደማለት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን ኒሻን ሲቀበሉ፣ የራሳቸው "ሞዐ አንበሳ" ደግሞ ግእዝ ነበር። የምኒልክን ብር የተቀበለ ገበሬ ያየው አንበሳውን ነው። ዙሪያውን የተቀረጸውን ቢጠይቅ የሚነግረው ቄሱ ነው፤ እሱም ከተገኘ። እንዲህ ሲሆን ቃሉ ራሱ ሥዕል ይሆናል። አይነበብም፤ ይከበራል እንጂ።

አርማችን በር ላይ ተሰቀለ። አንድ ጠዋት ዘበኛው አስቆመኝ።

"ጋሼ፣ ጋሻው ላይ ያለው ምን ይላል?"

ፊደል የቆጠረ ልጅ ነው፤ ማንበቡንማ አንብቦታል። "አንተስ ምን መሰለህ?" አልኩት።

"ጥበብ ቀሚስና ኩል" አለ እየፈራ። "የሴቶች ጌጥ ነገር።"

ሳቄ መጣ። ትርጉሙን ስነግረው እሱ አልሳቀም።

"ለሁሉም ከሆነ ታዲያ በአማርኛ ቢጻፍ ምናለበት?"

"ግርማ እንዲኖረው ነው" ብዬው ገባሁ። ከዚያ በኋላ በዚያ በር ሳልፍ ቀና ብዬ ማየት ተውኩ።

ሥራውን ስለቅ የልምድ ማስረጃ ተጻፈልኝ። ከፊርማው ጎን ክቡ ማኅተም አርፏል፦ ስሙ በሁለት ቋንቋ፣ ዓመቱ፣ ጋሻው፣ ችቦው፣ የእኔም ቃል፣ ሁሉም በአንዲት ትንሽ ክብ ውስጥ። ቀለም ስለሞላበት ችቦው ጠቁሮ ድንጋይ መስሏል። "ጥበብ" የሚለው የለም። ከ"ለኵሉ" የምትታየው አንዲት "ሉ" ናት፤ እሷም በመነጽር።