ዓለም አቀፍ የስሜት ቀስቃሽ ፎቶዎች ስብስብ

በሥነ ልቦና ምርምር ስሜትን ለመለካት የሚያገለግል የባለቀለም ፎቶዎች ክምችት ነው። ያዘጋጁት በአሜሪካው ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ላንግ፣ ማርጋሬት ብራድሌይና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የሕፃን ፊት፣ የተደቀነ ሽጉጥ፣ አካሉ የጎደለ አስከሬን፣ እንዲሁም ማንንም የማያስደነግጥ ቅርጫት አለበት።

ተሳታፊው አንዱን ፎቶ በተለምዶ ለ6 ሰከንድ ያያል፤ ከዚያ ምን ያህል ደስ እንዳሰኘው፣ ምን ያህል እንደቀሰቀሰውና ምን ያህል የመቆጣጠር ስሜት እንደተሰማው ከ1 እስከ 9 ይመዝናል። መመዘኛው ሥዕል እንጂ ቃል አይደለም፦ ፈገግ ያለ ሰውዬ፣ ፊቱን ያጨፈገገ ሰውዬ፣ ዓይኑ የተከደነ፣ ሆዱ ውስጥ ነገር የፈነዳ የሚመስል። ቋንቋ ለማያግባባቸው ሰዎች ሳይቀር ማገልገሉ ትልቁ ብልሃቱ ነው።

አካልም ይመሰክራል። የመዳፍ ላብ ግን ለሚያስፈራውም ለሚያስደስተውም ስለሚጨምር ሁለቱን አይለይም። ቅንድብን የሚያኮሳትረው ጡንቻ ይሻላል፤ ደስ በማይል ምስል ይወጠራል። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማም የዓይን መርገብገቡ አስፈሪ ፎቶ እያዩ ሳለ ይበረታል።

ስብስቡ ለተመራማሪዎች ብቻ ይሰጣል፤ ተሳታፊው ቀድሞ ያየው ፎቶ ብዙም አይቀሰቅሰውምና። ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ዛሬ ያስታውቃል።