የመኪና ቀለም ማመሳሰል

የመኪና ቀለም ማመሳሰል የተጫረ ወይም ቀለሙ የተላጠ የመኪና አካል ከቀሪው ተለይቶ እንዳይታይ ተመሳሳይ ቀለም ፈልጎ የማደስ ሥራ ነው። ለትንሽ ጉዳት በጣሳ የታሸገ ስፕሬይ ወይም በቀጭን ብሩሽ የሚነካ ቀለም፣ ለሰፊ ጉዳት ደግሞ በኮምፕሬሰር የሚሠራ መርጫ ያገለግላል። ሥራው ለመልክ ብቻ አይደለም። ጭረቱ እስከ ላሜራው ከዘለቀ እርጥበትና አየር ብረቱን ያገኙታል፤ ዝገቱም በቀለሙ ሥር እየሄደ ከጭረቱ ራቅ ብሎ ሊያብጥ ይችላል።

የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ከ1914 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ ስለነበር ባለቤቶቹ በዚህ ረገድ ብዙ አልተቸገሩም። የዱፖንት ኩባንያ በ1923 እ.ኤ.አ. ዱኮ የተባለውን ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ካቀረበ በኋላ ግን የቀለም ምርጫው እየሰፋ ሄደ።

የቀለሙ ድርብርብ

የዘመናዊ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን አይደለም። ከታች ዝገት ተከላካዩ፣ በላዩ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ይገኛል። ሁሉም ተደምረው ውፍረታቸው ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ጥፍር ሲያልፍበት የማይዝ ጭረት በአብዛኛው ክሊሩ ላይ የቀረ ስለሆነ ቀለም ሳያስፈልገው በፖሊሽ ሊጠፋ ይችላል።

የቀለም ኮድ

ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቀለም ኮድ ይሰጣል። በብዙ ቶዮታዎች ኮዱ የሚገኘው በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ፣ «ሲ/ቲአር» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ነው። የመጀመሪያው ኮድ የውጭውን ቀለም፣ ሁለተኛው የውስጡን ልባስ ያመለክታል፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። በብዙ ቮልስዋገኖች ደግሞ ኮዱ ትርፍ ጎማው በሚቀመጥበት ክፍል በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል።

የቀለሙን ስም ብቻ ይዞ መግዛት አያዋጣም። ለምሳሌ የቶዮታ 040 እና 070 ሁለቱም በተለምዶ «ነጭ» ይባላሉ። 040 ተራ ነጭ ሲሆን 070 ግን የዕንቁ ፍካት ያለው፣ ከታች ነጭ፣ በላዩ የዕንቁ ሽፋን፣ ከዚያ ክሊር የሚቀባበት ነው። በ070 ፓራፋንጎ ላይ 040 ቢረጭ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

ኮዱ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

ኮዱ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም እንጂ ዛሬ ያለውን አይናገርም። ፀሐይ ቀለምን ትቀይራለች። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከፍታ ቦታዎች አልትራቫዮሌት ጨረሩ ስለሚበረታ ውጭ የሚያድር መኪና ኮፈንና ጣሪያ ከበሮቹ ቀድመው ሊደበዝዙ ይችላሉ። ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ደግሞ ቀደም ሲል ተጋጭቶ በሌላ ቅልቅል የተቀባ በር ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ የአንድ ኮድ ቀለም እንደ ፋብሪካውና እንደ ዘመኑ በጥቂቱ ስለሚለያይ ቀለም አምራቾች ለአንድ ኮድ ብዙ ቀመሮችን ይይዛሉ።

ከሁሉም አስቸጋሪው ሜታሊክ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የአሉሚኒየም ቅንጣቶች እንደ አቀማመጣቸው ብርሃን ስለሚመልሱ ያው ጣሳ እንኳ እንደ አረጫጨቱ የተለያየ ቀለም ይሰጣል፤ በጣም ርሶ ሲረጭ ይጠቁራል፣ ደረቅ ብሎ ሲረጭ ይነጣል።

ብርሃንም ያታልላል። በጋራዥ መብራት ሥር የገጠሙ ሁለት ቀለሞች ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሊለያዩ ስለሚችሉ ንጽጽሩ በቀን ብርሃን፣ ከፊትም ከጎንም ይደረጋል። በስልክ ስክሪን ላይ ቀለም መምረጥ ደግሞ ፋይዳ የለውም፤ ስክሪኑ ብርሃን ያመነጫል እንጂ እንደ ቀለም አይመልስም፣ የአሉሚኒየም ቅንጣትንም ሊያሳይ አይችልም። የተሻለው መሣሪያ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ከመኪናው ገጽ የሚመለሰውን ብርሃን ለክቶ ቀለሙን በቁጥር ይገልጻል፤ ኮምፒውተሩም በጣም የሚቀርበውን ቀመር ይፈልጋል። የዚህም ውጤት ቢሆን መጀመሪያ በቁራጭ ላሜራ ላይ ተረጭቶ፣ ክሊር ተቀብቶና ደርቆ ከመኪናው ጎን ይታያል። ክሊር ያልተቀባ ሙከራ የመጨረሻውን መልክ አያሳይም።

አቀባብ

ቦታው ታጥቦ ሰምና ቅባቱ ይጠረጋል፤ ዝገት ካለ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቃል። የጭረቱ ጠርዝ በ400 ቁጥር ገደማ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ዙሪያውም በጋዜጣና በፕላስተር ይሸፈናል። እንደ ፓራውልት ያለ ፕላስቲክ የራሱ ፕራይመር ያስፈልገዋል። ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ይነቀነቃል፤ አለበለዚያ ቅንጣቶቹ ከታች ይቀራሉ። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ እጅን ሳያቆሙ፣ በስሱ ደጋግሞ መርጨት ይሻላል። በአንድ ጊዜ ለመሸፈን የሚሞክር ሰው ቀለሙ ሲንጠባጠብበት ያገኘዋል።

ባለሙያዎች አዲሱን ቀለም በፕላስተር ጠርዝ ላይ አያቆሙም፤ ወደ አሮጌው እያሳሱ ያዋሕዱታል፣ ክሊሩን ግን በሙሉው በር ወይም ፓራፋንጎ ላይ ይረጫሉ። በዚህ መንገድ ፍጹም ያልገጠመ ቀለም እንኳ ዓይን የሚይዘው ድንበር አይኖረውም።

ጤና

የሚረጭ ቀለም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የከሰል ምድጃና ሲጋራ ባለበት አይሠራም። ማጠንከሪያ ያለው ባለሁለት ክፍል ክሊር ቤንዚን ይበልጥ የሚቋቋም ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳይኔት ይይዛል። ይህ ኬሚካል አስም ሊያስከትል ይችላል፤ ጎልቶ የሚሸት ስላልሆነ አፍንጫ አያስጠነቅቅም። በአፍንጫ ላይ የታሰረ ጨርቅ ወይም የአቧራ ማስክ አያግደውም፣ ስለዚህ ሥራው ከውጭ ንጹሕ አየር በሚያመጣ መተንፈሻ መሣሪያ ይሠራል። እንዲህ ያለው ጣሳ ማጠንከሪያው አንዴ ከተለቀቀ በኋላ ውስጡ መጠንከር ስለሚጀምር የተረፈው ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም።