«ተሰናበተ» የሚለው ግስ የሚሸሽገው፦ የወታደር ስንብት መዝገብ፣ እርማቱና የአማርኛ ትርጉሙ

ሁርሊንግሃም ከለንደን በተወሰደ ስም የሚጠራ የናይሮቢ ሰፈር ነው። የኬንያ መከላከያ ሚኒስቴር ዋና መሥሪያ ቤት «ኡሊንዚ ሀውስ» የሚገኘውም በዚሁ አካባቢ፣ በሌናና መንገድ ላይ ነው። «ኡሊንዚ» የስዋሂሊ ቃል ነው፤ «ሊንዳ» (ጠበቀ) ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ጥበቃ፣ መከላከያ ማለት ነው። ለጥቂት ወራት ምርምር መጥቼ በሰፈርሁበት በዚህ ሰፈር፣ በአጥሩ ጥግ ባለፍሁ ቁጥር አንድ የቆየ ጥያቄ ይመጣብኝ ነበር። ወታደር ከእንዲህ ያለ ግቢ ለመጨረሻ ጊዜ ሲወጣ በእጁ የሚሰጠው ወረቀት ምን ይላል? ወረቀቱ ያለው ነገር ከዐሥር ወይም ከሃምሳ ዓመት በኋላ በደል ሆኖ ሲገኝስ በምን ቃል ይታረማል?

ጥያቄው የሕግ ሰዎችን ያህል የቋንቋ ሰዎችንም የሚመለከት መሆኑን የተረዳሁት፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነታቸው ምክንያት ከሠራዊት እንዲወጡ የተደረጉ ወታደሮችን መዝገብ እንደገና የመመርመሩን ሥራ ስከታተል ነው። ምርመራው ሲጠናቀቅ የሚገኘው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሣጥን ውስጥ አንድን ሐረግ አውጥቶ ሌላ ሐረግ ማስገባት ነው። የተሰናባቹ ዕድልም የመጀመሪያው ጸሐፊ ምክንያቱን ገልጦ በመጻፉ ወይም ሸሽጎ በማለፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ወረቀቶቹ ዛሬ በአማርኛ ተርጓሚዎች እጅ ስለሚገቡ ጉዳዩ ከእኛ ቋንቋም የራቀ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን ግስ ልጀምር። «ከሠራዊቱ ተሰናበተ» ስንል ዘመኑን ጨርሶ በፈቃዱ የሄደውን፣ ታሞ የወጣውንና የተባረረውን በአንድ ቃል እንጠራለን። «ተ-» የተደራጊነትም የራስ ተመላሽነትም ምዕላድ ስለሆነ ሰውየው ጓዶቹን ተሰናብቶ ይሁን አዛዡ አሰናብቶት ይሁን ከግሱ ብቻ አይታወቅም፤ አሰናባቹ ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምንም ሰዋስዋዊ ጉድለት ሳይፈጠር ሊጠፋ ይችላል። ወታደሮች ግን ይህን ክፍተት ራሳቸው ሞልተውታል፤ «ቦርድ ወጣ»፣ «ማዕረጉ ተገፈፈ»፣ «ተባረረ» ይላሉ። የቢሮው አማርኛ ወደ «ተሰናበተ» የሚሸሸው በጨዋነት ነው፤ ጨዋነቱ ማንን እንደሚጠቅም ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ስዋሂሊ በዚህ ረገድ ጠንከር ያለ ነው። «ኩስታፉ» ጡረታ መውጣት ነው። «ኩፉኩዝዋ» መባረር ነው። «ኩአቺሽዋ ካዚ» ውስጥ ደግሞ የአስደራጊውና የተደራጊው ቅጥያ ተከታትለው ስለሚገኙ፣ ሥራውን እንዲተው ያደረገው ሌላ አካል መኖሩ በግሱ ላይ ታትሟል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ገና አፉን ሲከፍት መምረጥ አለበት።

የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መምረጥ ባልፈለገ ጊዜ በቃል ፋንታ ቀለም ተጠቀመ። «በክብር» እና «ያለ ክብር» ከሚባሉት መካከል አንዱንም ያልሆነ ስንብት ነበረ፤ በሰማያዊ ወረቀት ላይ ይታተም ስለነበር «ሰማያዊ ስንብት» ተባለ። ወረቀቱ የጦር ፍርድ ቤት ክስ አያስፈልገውም፤ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት የተጠረጠሩ ወታደሮችም ብዙዎቹ የወጡት በዚህ ነበር። ከ1941 መጨረሻ እስከ 1945 አጋማሽ ድረስ ከ48,000 በላይ ወታደሮች ሰማያዊውን ወረቀት ተቀብለዋል። ከእነዚህ 10,806ቱ፣ ማለትም ከመቶ 22 ያህሉ፣ ጥቁሮች ነበሩ፤ በጦሩ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ግን ከመቶ 7 አይሞላም ነበር። አንድ ወረቀት ሁለት የተለያዩ የተጠሉ ወገኖችን እኩል ያገለገለው ምንም ስለማይል ነው። ቀጣሪው ቀለሙን ብቻ አይቶ ይረዳል። የቀድሞ ወታደሮች አስተዳደርም በ1944ቱ ሕግ የተፈቀደውን የትምህርትና የቤት ብድር መብት ለሰማያዊ ወረቀት ባለቤቶች ይከለክል ነበር። «ፒትስበርግ ኩሪየር» የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ በ1945 በዚህ ወረቀት ላይ ዘመቻ ከፈተ፤ በ1947 ሰማያዊው ቀርቶ «አጠቃላይ» እና «የማይፈለግ» የሚባሉ ሁለት ስንብቶች ተተኩ። የሚገርመው፣ ስንብትን እንደገና የሚመረምሩት ቦርዶች የተቋቋሙትም በዚያው በ1944ቱ ሕግ ነው። መብቱን ለተከለከለው ሰው የአቤቱታውን በር የከፈተለት ያው ሕግ ነበር፤ ለዚህኛው ምክንያት በሩ በእርግጥ እስኪከፈት ግን ብዙ ዐሥርት ዓመታት አለፉ።

በ1993 «አትጠይቅ፣ አትናገር» የሚባለው ፖሊሲ ሲወጣ በሽታው ተገለበጠ። በዚህ ፖሊሲ ከ13,000 በላይ ወታደሮች ወጥተዋል፤ ከእነዚህ አብዛኛዎቹ «በክብር» ተብለው ነው የወጡት። ነገር ግን ዲዲ 214 በሚባለው የስንብት ቅጽ ላይ የስንብቱ ዓይነት ከሚጻፍበት ሣጥን ሌላ ምክንያቱ በቃላት የሚገለጽበት ሣጥን አለ። በዚያ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት «ድርጊት» ወይም «አምኖ መናገር» ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሥራ ለመቀጠር፣ ብድር ለመጠየቅ ወረቀቱን ያሳየ ሁሉ ሳይወድ ስለ ራሱ ተናገረ ማለት ነው። «አትናገር» ያለው መንግሥት በወረቀቱ አናገረው።

ፖሊሲው በሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ሲሻር፣ በዚያው ቀን ለምርመራ ቦርዶች አንድ መመሪያ ተላለፈ። ስንብቱ በፖሊሲው ብቻ የተሰጠ ከሆነና ሌላ የሚያከብድ ጥፋት ከሌለበት፣ የምክንያቱ ሐረግ «በሚኒስትሩ ሥልጣን» በሚል እንዲተካ፣ ስንብቱም «በክብር» እንዲሆን ይላል። ይህን ሐረግ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ሰውየው ምንም አይናገርም፤ የዳነ ወረቀት ማለት ዝም ያለ ወረቀት ሆነ። ከሰማያዊው ወረቀት ዝምታ የሚለየው፣ ይህኛው ዝምታ ባለቤቱ ጠይቆ የሚያገኘው መሆኑ ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል፣ ብዙዎች አልጠየቁም። በ2024 መከላከያ ሚኒስቴሩ ማመልከቻ ሳይጠብቅ 851 መዝገቦችን አስመርምሮ ከመቶ 96 በሚበልጡት ላይ ማሻሻያ መደረጉን አስታወቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ወደ 35,000 የሚጠጉ የቀድሞ ወታደሮችን ይመለከታል የተባለ የፍርድ ቤት ስምምነት ተደረሰ፤ የክሱ ፍሬ ነገር ጾታዊ ዝንባሌያቸው ከዲዲ 214 ላይ ይነሣልን የሚል ነበር። ሰዎች ስለ አንድ መስመር ጽሑፍ መንግሥትን ከሰሱ። ቃል ጥላ ነው ለሚሉን ሌላ ምሳሌ መፈለግ የለብንም።

የእንግሊዝ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል። የ1967ቱ ሕግ ድርጊቱን ከወንጀልነት ሲያወጣ የጦር ኃይሎችን ለብቻ አስቀርቷል። የወታደራዊ ወንጀልነቱ በ1994 ቢነሣም ማሰናበቱ ቀጥሏል፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 27 ቀን 1999፣ ስሚዝና ግሬዲ በተባለው መዝገብ፣ የግል ሕይወት መብት ተጥሷል ካለ በኋላ ክልከላው በጃንዋሪ 12 ቀን 2000 ተነሣ። በብዙ ወረቀቶች ላይ የተጻፈው ግን «አገልግሎቱ ከእንግዲህ አያስፈልግም» የሚል ነበር። ሰነፍ ወታደርም ሊሰናበትበት የሚችል ሐረግ ነው። በሎርድ ኤተርተን የተመራው ገለልተኛ ምርመራ በጁላይ 2023 ከ49 ምክረ ሐሳቦች ጋር ሲታተም፣ በኋላም 75 ሚሊዮን ፓውንድ ተመድቦ በዝንባሌው ለተሰናበተ ሰው 50,000 ፓውንድ እንዲከፈል ሲወሰን፣ ያ ጨዋ ሐረግ እንቅፋት ሆኖ ቆመ፤ ወረቀቱ የማይለውን ነገር ሰው እንዴት ያስረዳል? በዚያ ላይ የወታደራዊ ፖሊስ የምርመራ ሰነዶች በ2010 እንዲወገዱ ተደርገው ነበር፤ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ ስለቀረ መዝገቡም አይኑር በሚል ቅን በሚመስል ሐሳብ። ስሙን ለማጽዳት የተደረገው ነገር ማስረጃውን አጸዳው።

እነዚህን ዜናዎች በአማርኛ ስንዘግብ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይገጥመናል። ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በጁላይ 19 ቀን 2023 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በጁን 26 ቀን 2024፣ ከ1951 እስከ 2013 ድረስ በጦር ሕጉ አንቀጽ 125 በፈቃድ ስለተፈጸመ ግንኙነት ለተቀጡት፣ ይቅርታ አደረጉ። ስሙ አንድ ነው፤ ግሱ ግን በደለኛውን ያገላብጣል። በመጀመሪያው የበደለው መንግሥት ነው፤ በሁለተኛው የበደለው ወታደሩ ነው፣ መንግሥት ምሮታል። አርእስተ ዜና ላይ ግሱ ተቆርጦ «ለተሰናበቱ ወታደሮች ይቅርታ» ቢባል ማን ማንን እንደበደለ አይለይም። የኢትዮጵያ ሕግ «ይቅርታ» እና «ምሕረት» ብሎ መለየቱ ይረዳናል። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል፤ ፍርዱን ከመዝገብ አይፍቀውም። ምሕረት ግን ፍርዱን እንዳልነበረ ያስቆጥራል። እንዲያም ሆኖ ሁለቱም ወንጀል በሚል አጥር ውስጥ ናቸው፤ የቦርዶቹን ሥራ አይሸፍኑም። እኔ «የስንብት መዝገብ እርማት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ «እርማት» ስሕተቱን በጸሐፊው ላይ ያደርጋልና። በአንዳንድ ትርጉሞች የማየው «ማሻሻል» ግን መዝገቡ ጥሩ ነበር፣ የተሻለ ሆነ የሚል ይመስላል።

በኢትዮጵያም በኬንያም በዚህ ምክንያት የተሰጠ ስንብትን የሚያርም ሥርዓት የለም፤ ድርጊቱ ራሱ በወንጀል ስለሚያስቀጣ። የኬንያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 162 «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ» የሚለውን የቅኝ ግዛት ዘመን አገላለጽ እንደያዘ ነው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በሜይ 24 ቀን 2019 አጽንቶታል። የኢትዮጵያው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለው። ስንብትን መልሶ ማየት ግን ለሁለቱም አገሮች እንግዳ ነገር አይደለም። ከኦገስት 1982ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ከተበተነው የኬንያ አየር ኃይል የወጡ ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሄደው ካሳ የተፈረደላቸው አሉ። በኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. ማዕረጋቸው ተገፍፎ የነበሩ ከፍተኛ መኮንኖች፣ ጀኔራል ተፈራ ማሞና ጀኔራል አሳምነው ጽጌን ጨምሮ፣ ማዕረጋቸው ተመልሶላቸው በጡረታ ተሰናብተዋል። «ማዕረግ መገፈፍ» እና «ማዕረግ መመለስ» የሚሉት ጥንድ ግሶች ከልብስ የተወሰዱ ናቸው፤ የተገፈፈ ሊመለስ እንደሚችል ቋንቋው ራሱ ያውቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የትርጉም ቢሮ ያዘጋጀውን ወረቀት እንዳርም ተጠየቅሁ። ባለቤቱ በኢትዮጵያ ተወልዶ በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው ነው፤ ማንነቱን ሳልገልጽ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል። ወረቀቱ ለቤተሰብ ጉዳይ አዲስ አበባ የሚቀርብ ዲዲ 214 ነበር። የምክንያቱ ሣጥን በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ዝንባሌውን መናገሩን እንጂ ምንም መፈጸሙን አይልም። አማርኛው «ግብረ ሰዶም መፈጸሙን በማመኑ» ይላል። ተርጓሚው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ ቃሉ ነው የጎተተው። «ግብረ» በግእዝ ሥራ፣ ድርጊት ማለት ስለሆነ ስያሜው የሰውን ዝንባሌ ለብቻው ሊጠራ አይችልም፤ በጠራ ቁጥር ድርጊት ይጨምራል፣ «መፈጸም» የሚለውን ግስም ያስከትላል። «ማመን» ደግሞ በችሎት አማርኛ ተከሳሽ ጥፋቱን ሲቀበል የሚባል ነው። ስለዚህ የአስተዳደር ማስታወሻ የነበረው ነገር አዲስ አበባ ሲደርስ የአንቀጽ 629 የእምነት ቃል ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የስዋሂሊ ጋዜጦች «ዋፔንዚ ዋ ጂንሲያ ሞጃ» እንደሚሉት እኛም «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ» የሚል ከድርጊት የተለየ ስያሜ አለን፤ ረጅም ነው፣ ቅጥ ያጣ ይመስላል፣ ግን ያልተባለውን አይጨምርም። «ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን በመግለጹ» ብዬ አረምሁት።

ሰውየው ግን ያንንም አላቀረበውም። ስለ 2011ዱ መመሪያ ስነግረው አልሰማም ነበር፤ የቤተሰቡን ጉዳይ አቆይቶ መጀመሪያ ለቦርዱ አመለከተ። አዲሱ ቅጽ ሲመጣ በሣጥኑ ውስጥ «በሚኒስትሩ ሥልጣን» ይላል፤ ለመተርጎም አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከላይ ባለው መስመር የስንብቱን ግስ መምረጥ ነበረብኝ። ሰውየው ሻይ እያማሰለ «ተሰናበተ በለው፣ ይበቃል» አለኝ፤ እንዳለውም ጻፍሁት።