ለኪራይ የሚውል ቤት በባንክ ብድር ከመግዛት ወይም ከመሥራት በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

ቤት በባንክ ብድር ገዝቶ ዕዳውን ከኪራይ ገቢ ለመክፈል የሚያስብ ጀማሪ አከራይ በቅድሚያ ሊመረምር የሚገባው፣ ቤቱ ተከራይ ባያገኝም ወርሃዊ ክፍያውን ሊሸከም የሚችል ሌላ ገቢ ያለው መሆኑን ነው። ባንኮችም የብድር ጥያቄ ሲቀርብላቸው በአብዛኛው የሚመዝኑት የአመልካቹን ደመወዝ ወይም የንግድ ገቢ እንጂ ወደፊት ይገኛል ተብሎ የሚገመተውን ኪራይ አይደለም።

ቤት ሠርቶ ማከራየት በኢትዮጵያ ለዓመታት ተቋርጦ የቆየ ሥራ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ግለሰቦች ቤት እንዳያከራዩም ከልክሎ ነበር። ክልከላው ከቀረ በኋላ ለቤት ሥራ በማበደር ይታወቅ የነበረው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። የቤት ብድርን ዋነኛ ተግባሩ ያደረገው ጎህ ቤቶች ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል።

በ20/80 መርሃ ግብር የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው በርካታ ነዋሪዎች ቤቱን አከራይተው፣ ራሳቸው አነስ ባለ ኪራይ እየኖሩ የባንክ ዕዳቸውን ሲከፍሉ ቆይተዋል። ብዙዎች ኪራይ ዕዳን ይከፍላል ብለው የሚያምኑት ከዚህ ልምድ በመነሳት ነው። ይሁንና ያ የሆነው ቤቶቹ ከገበያ ባነሰ ዋጋ በመተላለፋቸው ሲሆን፣ በገበያ ዋጋ ለሚገዛ ሰው ስሌቱ የተለየ ነው።

ለአብነት 3 ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ዓመታዊ ወለድ፣ በ15 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ ብድር ቢወሰድ ወርሃዊ ክፍያው 44 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 40 ሺህ ብሩ ወለድ ሲሆን ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው ከ4 ሺህ ብር እምብዛም አይበልጥም። በ15 ዓመት ውስጥ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ወደ 7 ነጥብ 9 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ወለዱ 18 በመቶ ቢሆን ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው ከ48 ሺህ ብር በላይ ይሆናል።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የብድር ውሎች ብዙውን ጊዜ ባንኩ ወለዱን እንዲያሻሽል የሚፈቅድ አንቀጽ ይይዛሉ። በሌላ በኩል የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ የሚጠብቅ ተገቢ ድንጋጌ ነው፤ ተበዳሪው አከራይ ግን ወለድ ሲጨምርበት ልዩነቱን በተከራዩ ላይ ሊያሳርፍ እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ውሉን ከመፈረሙ በፊት ስለ ወለድ ለውጥ የሚናገረውን አንቀጽ ደጋግሞ ማንበብ ይገባዋል።

ለግንባታ የሚሰጥ ብድር በአብዛኛው የሚለቀቀው ሥራው በደረሰበት ደረጃ ተከፋፍሎ ነው። በመካከሉ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ቢያሻቅብ ጉድለቱን የሚሞላው ባለቤቱ ነው። ባንኮችም ሁልጊዜ የሚያበድሩት ገንዘብ አይኖራቸውም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ፣ በ2017 ዓ.ም. ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ ማድረጉ ይታወሳል።

የጋራ ንብረት የሆነን ቤት በመያዣነት ለመስጠት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ተበዳሪው ክፍያ ካቋረጠ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ በውሉ ላይ በተሰጠው ሥልጣን፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የመጀመሪያውን ቤት ለመግዛት የወላጆቹን መኖሪያ በመያዣነት የሚያቀርብ ወጣት ይህን ለቤተሰቡ በግልጽ ሊያስረዳ ይገባል።

የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ ለባንክ የከፈለው ወለድ ከኪራይ ገቢው ላይ እንዲቀነስለት የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ የደነገገ ሲሆን፣ ለዚህም የባንክ ደረሰኞችንና የተመዘገበውን የኪራይ ውል ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በጥንቃቄ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።