ወደ ናይል ዳርቻ የሚመጡ ንስሮች፦ በካርቱም ሰማይ የሚታዩት ለምን ይበዛሉ? ለምንስ ይቀንሳሉ?

ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች የሚወርደው ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ በሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም፣ አል-ሞግራን በተባለው ስፍራ ይገናኛሉ። የክረምቱ ጎርፍ አልፎ ውሃው ሲሸሽ አሸዋማ ደሴቶችና ሱዳናውያን 'ጀርፍ' የሚሏቸው ደለል የለበሱ ማሳዎች ብቅ ይላሉ። አውሮፓና እስያ በብርድ በሚቆፈኑባቸው በእነዚሁ ወራት ከሩቅ አገር የሚመጡ ንስሮችም በአካባቢው ይታያሉ።

የሚታዩት ንስሮች ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። ምክንያቶቹም ከወንዙ ዳርቻ እስከ ማዕከላዊ እስያ ሜዳዎች ይዘልቃሉ።

ነባርና እንግዳ

የአፍሪካ ዓሣ አዳኝ ንስር ዓመቱን ሙሉ ከውሃ የማይርቅ ነባር ነዋሪ ነው። ራሱና ደረቱ ነጭ ሲሆን፣ ከካርቱም ወደ ደቡብ ነጭ ዓባይን ተከትሎ በብዛት ይገኛል። የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ አርማ ላይ ያለውም ይኸው ንስር ነው።

ከእንግዶቹ መካከል ዋነኛው ከደቡብ ሩሲያና ከካዛኪስታን እስከ ሞንጎሊያ ባሉ የሣር ሜዳዎች የሚራባው የስቴፕ ንስር ነው። እባብ በል ንስርና አነስ ያሉ ሌሎች ዝርያዎችም ይመጣሉ። ዓሣ እያደነ የሚኖረው ኦስፕሬይ ብዙ ጊዜ ንስር ቢባልም የራሱ ቤተሰብ ያለው ወፍ ነው። በከተማዋ ሰማይ የሚያንዣብበውና ጅራቱ ሹካ የሚመስለው ጭልፊትም ለማያውቀው ሰው ንስር ሊመስለው ይችላል።

ጠባብ መተላለፊያዎች

ትልልቅ አዳኝ አእዋፍ ክንፋቸውን እያራገቡ ረጅም ርቀት አይጓዙም። ከጋለ መሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ወደ ላይ ከፍ ብለው ይንሳፈፋሉ። ይህ አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ በስዊዝ ወይም በባብ ኤል-መንደብ በኩል ይሻገራሉ። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፈው ይህ መስመር 37 ዝርያዎችና ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተንሳፋፊ አእዋፍ የሚጓዙበት ነው። በአውሮፓውያኑ 1987 በአንድ የፍልሰት ወቅት ብቻ ጂቡቲ ውስጥ ከ76 ሺህ በላይ የስቴፕ ንስሮች ተቆጥረው ነበር።

ዝናብና ውሃ

ንስሮቹ የሚቆዩበትን ስፍራ በአብዛኛው የሚወስነው ምግብ ነው። ዝናብ በደንብ በጣለበት ዓመት አይጥ፣ አንበጣና ግሪሳ ይበዛሉ። ድርቅ ሲሆን ግን ንስሮቹ ወደ ደቡብ ይዘልቃሉ። በኢትዮጵያ የባሌ ተራሮች የሳነቴ አምባም ፍልፈልና አይጥ ስለሚገኝበት የስቴፕ ንስሮች መዋያ ነው።

በወንዙ ዳር ወሳኙ የውሃው መጠን ነው። ውሃው ሲጎድል ዓሣው ጥልቀት በሌለው ስፍራ ስለሚሰበሰብ ለአዳኝ ይመቻል። ከካርቱም በስተደቡብ የሚገኘውና በ1937 የተጠናቀቀው የጀበል አውሊያ ግድብ የነጭ ዓባይን ሙላትና ጉድለት ለዘመናት ሲወስን ቆይቷል። በመስከረም 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብም የዓባይን ፍሰት እያመጣጠነ በመሆኑ አሸዋማ ደሴቶቹ የሚገለጡበት ጊዜና ስፋት ሊለወጥ ይችላል።

መጥረቢያ፣ ሽቦና መርዝ

በካርቱም ነጭ ዓባይ ዳር የነበረው የሱኑት ደን፣ በጎርፍ ወራት ሥሩ ውሃ ውስጥ የሚቆም የግራር ዝርያ የሞላበትና ለነባርም ለስደተኛም አእዋፍ ማረፊያ የነበረ ስፍራ ነው። ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ዛፎቹ በብዛት ተጨፍጭፈዋል፤ ኤሌክትሪክና ጋዝ ባጣች ከተማ ማገዶ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነበር። እንዲህ ያለው ደን መልሶ እስኪያድግ አሥርት ዓመታት ይወስዳል።

የኤሌክትሪክ መስመሮችም ገዳይ ናቸው። ፖርት ሱዳን አቅራቢያ በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር መስመር በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ የግብጽ ጥንብ አንሳዎችን እንደገደለ ይገመታል። መስመሩ በ2014 ተቋርጦ አደጋ በማያደርስ ሌላ መስመር መተካቱ ችግሩ መፍትሔ እንዳለው አሳይቷል። ሰብል የሚያወድመውን ግሪሳ ለመግደል የሚረጨው ፌንቲዮን ደግሞ የተመረዘውን ወፍ የሚበሉትን ንስሮችም ይጎዳል።

ችግሩ በመራቢያ ስፍራዎችም አለ። የሣር ሜዳዎች መታረስና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች የስቴፕ ንስርን ስላመናመኑት፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መካከል መድቦታል።

የታየውና ያለው

የውሃ አእዋፍ በየዓመቱ ጥር ላይ በበርካታ አገራት በአንድ ሰሞን ይቆጠራሉ። ቆጠራው ትርጉም የሚኖረው በተመሳሳይ ስፍራና ወቅት ሲደጋገም ነው። ሰው በሸሸበትና ወንዝ ዳር መቆም ለሕይወት በሚያሰጋበት ከተማ ጥቂት ንስሮች ታዩ ማለት ጥቂት ንስሮች መጡ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሚያያቸው ሰው ጠፍቶም ይሆናል። በሌላ በኩል ደን ተጨፍጭፎ ሳለ መዝገቡ ከተቋረጠ፣ ንስሮቹ በእርግጥ ቢቀንሱ እንኳ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማወቅ ያዳግታል።