ለልማድ ሰዓት የሚሰጠው ማነው?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ወልቂጤ፣ የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች የሆንን አራት ሰዎች ተሰብስበን አንድ «ታሪካዊ» ውሳኔ አሳለፍን። ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥተን ዮጋ እንሠራለን አልን። ምክንያታችን ሩቅ አይደለም። አንዳችን ወገቡን ያመዋል፤ አንዳችን መጽሐፍ ሲገልጥ ሐሳቡ ይበተንበታል፤ አንዳችን ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ ያነጋል፤ እኔ ደግሞ ነገሩን በስልክ አይቼ ወድጄዋለሁ። ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ሣር ላይ ጋቢ አንጥፈን ጀመርን። በአምስተኛው ቀን ሦስት ሆንን። በዘጠነኛው ቀን ጤዛው ላይ ብቻዬን ቆምኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኔም ብርድ ልብሴን ሳብ አድርጌ ጭጭ አልኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስንፍና ነው ተብሎ በሳቅ ይታለፍ ነበር። ግን እስቲ ልብ በሉልኝ። ወገቡን የሚያመው ልጅ ሙስሊም ነው፤ የሱብሂ ሶላት ሲያልፈው አይቼ አላውቅም። ሐሳቡ የሚበተንበት ዲያቆን ነው፤ ውዳሴ ማርያም ሳይደግም ከክፍሉ አይወጣም። እንቅልፍ የሚያጣው ሦስተኛው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ዝናብ ይዝነብ ፈተና ይኑር፣ ከበርጫው አይቀርም። እንግዲህ ቁርጠኝነት የሌለን ሰዎች አይደለንም። ታዲያ አንዱ ልማድ ቀን ውስጥ ሥር ሰድዶ ሲቀመጥ ሌላው በአሥራ ሁለት ቀን የሚረግፈው ለምንድነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ ታሪክ የሄድኩት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ራሱ ስለ ዮጋ። በየማስታወቂያው «የ5,000 ዓመት ጥበብ» ሲባል እንሰማለን። ጥበቡ ጥንታዊ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ዛሬ ዮጋ ሲባል በዓይናችን የሚመጣው አካልን የማጠፍና የመዘርጋት ሥራ በጥንቱ ድርሳን ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ፓታንጃሊ ያዘጋጀው ድርሳን ወደ 195 የሚጠጉ አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩት፣ ስለ አቀማመጥ በቀጥታ የሚናገሩት ሦስት ያህል ናቸው። እነሱም ረግቶና ተመችቶ ስለ መቀመጥ እንጂ በአንድ እግር ስለ መቆም አይደለም። ዋናው ጉዳይ አእምሮን ማርጋት ነው፤ ለዚያም ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ ልምምድና መተው። ልምምዱም ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ነው ልምምድ የሚባለው። ግን ይህ ሁሉ የተነገረው ለማን ነው? በአብዛኛው ዓለምን ለተወ ባሕታዊ ነው። ባሕታዊ ደግሞ ቀኑ በሙሉ የራሱ ነው፤ ሰዓት የሚሻማው የለም። የቢሮ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ከአልጋው ወርዶ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ወደ ጉዳዩ የሚሄድበት ዮጋ በአመዛኙ የ20ኛው መቶ ዘመን ልጅ ነው።

ልጁ እንዴት እንደተወለደ ማየት ያስፈልጋል። ዛሬ ማሃራሽትራ በሚባለው ምድር አውንድ የምትባል ትንሽ የመሳፍንት ግዛት ነበረች። ገዥዋ ራጃ ባዋንራኦ ፓንት ፕራቲኒዲ በ1920ዎቹ ለፀሐይ ሰላምታ የሚባለውን ተከታታይ እንቅስቃሴ፣ ማለትም መቆም፣ ማጎንበስ፣ መደፋት፣ መነሣትን፣ ራሱ በየቀኑ እየሠራ በግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስገባው። ተማሪው ወደደም ጠላም ክፍለ ጊዜው ነው። ከዚያም በ1933 የማይሶሩ ማሃራጃ በጃጋንሞሃን ቤተ መንግሥቱ ለቲሩማላይ ክሪሽናማቻርያ የዮጋ ትምህርት ቤት ከፈተለት። አዳራሹ፣ ሰዓቱና የመምህሩ ደሞዝ ከቤተ መንግሥት ነበር። ማርክ ሲንግልተን የተባለው ተመራማሪ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዛሬው የአካል ዮጋ በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ጂምናስቲክ ጋር ብዙ እንደተዋሰ ይከራከራል። ይህን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አልተሰኘሁም፤ ይልቅ ቀለለኝ። ሁለቱም ሃይማኖተኛ ጓደኞቼ «የሰው አምልኮ ውስጥ ገባን እንዴ?» ብለው ሲጨነቁ ነበር። ዮጋ ከህንድ ሃይማኖት ጋር የተሳሰረ ሥር የለውም ማለት ውሸት ነው። ወገብን መዘርጋት ግን የማንም ሃይማኖት ርስት አይደለም።

ከማይሶር ተማሪዎች አንዱ ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር ነው። በ1918 የተወለደ፣ ልጅነቱን በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በታይፎይድ ያሳለፈ ደካማ ልጅ ነበር። በ1934 ገደማ የእህቱ ባል ወደሆነው ወደ ክሪሽናማቻርያ መጣ። በ1966 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የዮጋ መጽሐፍ በዓለም ዙሪያ ሲሸጥ፣ ሰው የሚያስታውሰው ብዙ መቶ ፎቶግራፎቹን ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ከኋላ ያለው አባሪ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ 300ኛው ሳምንት ድረስ ምን እንደሚሠራ በመርሐ ግብር ይዘረዝራል። ስድስት ዓመት ገደማ ማለት ነው! መምህር ለሌለው፣ በክፍሉ ብቻውን ለሚሠራ ሰው፣ መጽሐፉ መምህር ሆኖ ሊቆምለት ሞከረ። የግል ዮጋ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው ጥርት ብሎ የሚታየኝ። ቤተ መንግሥቱ ቀርቶ ሠንጠረዥ ተተካ። ሠንጠረዥ ደግሞ ከእንቅልፍ አይቀሰቅስም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ህንዶች ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። በ1941 ከረን ላይ ከኢጣልያ ጦር ጋር ከተዋጉት ውስጥ የህንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮም ብዙ ህንዳውያን መምህራን፣ በተለይ ከኬራላ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። አባቶቻችን ስለነሱ ሲያወሩ የሚያነሡት ሒሳብና ፊዚክስን ነው፣ አነጋገራቸውንም እያስመሰሉ ይስቃሉ። ዮጋን ሲያነሡ አልሰማሁም። አያስደንቅም፤ የጊዜ ሠሌዳው ላይ የነበረው ሒሳብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2014 ሰኔ 14ን (ጁን 21ን) የዓለም የዮጋ ቀን ብሎ ከወሰነ ወዲህ አዲስ አበባም ላይ በዓሉ ይከበራል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በወር አንድ እሑድ አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕዝብ ስፖርት መሥራት ጀመረ። መልካም ነው። ሆኖም በዓመት አንድ ቀንም ሆነ በወር አንድ ቀን በዓል ነው እንጂ ልማድ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲወረድ በሶዶ ጉራጌ ምድር ምድረ ከብድ ይገኛል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው ጻድቁ በዝቋላ ባሕር ውስጥ ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ መቶ ዓመት ጸለዩ። ይህን ከህንዶቹ በራስ መቆም ጋር ላመሳስለው ብዬ ነበር፤ ዲያቆኑ ጓደኛዬ አንዴ ሲያየኝ ተውኩት። ዋናው ነገር ሌላ ነው። የኦርቶዶክስ ሥርዓት ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ይከፍለዋል፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ስለሆነ ዲያቆኑ «ዛሬ ምን ልድገም?» ብሎ አይጨነቅም፤ ማክሰኞ የማክሰኞው አለ። ስግደቱም፣ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ መማለሉም እንዲሁ ሰውነት የሚሳተፍበት ነው።

በዚህ በወልቂጤ በኩል ደግሞ፣ በቸሃ፣ አብሬት አለ። የቃዲሪያ ጠሪቃ ታላቅ ማዕከል ነው፤ ለመውሊድ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል። ጠሪቃው ስሙን ያገኘው በ1166 ባግዳድ ላይ ካረፉት ከሼህ አብዱልቃድር ጀይላኒ ነው። የዚህ መንገድ ሰው በየቀኑ የሚደግመው ዊርድ አለው፤ በኅብረት ሲሆን ዚክር ይደረጋል፣ እስትንፋስና የሰውነት ውዝዋዜ ከቃሉ ጋር ይሄዳል። ጠሪቃ ውስጥ ያልገባውም ሙስሊም ቢሆን ግዴታ የሆኑት አምስቱ ሶላቶች ብቻ በቀን 17 ረከዓ ናቸው፤ በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ ሲቆጠር 34 ጊዜ ግንባር መሬት ይነካል። ወገቡን የሚያመው ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ እኔ ስፖርተኛ ነኛ!» አለ። ግን ጸሎትን ወደ ስፖርት ማውረድ አልፈልግም፤ እሱም አይፈልግም። የምለው ሌላ ነው፤ አዛን ይጣራል፣ ደወል ይደወላል፣ ጎረቤትም ይነሣል። ሰዓቱ ከሰውየው ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ልማድ ላይ ብዙ መቆም አለብኝ፤ ማናችንም በግልጥ አንጽፍበትምና። ቡታጅራ ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገጠር ጤና ጥናት የሚካሄድባት አካባቢ ናት። በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ 10,468 አዋቂዎችን ስለ ጫት ጠይቆ ነበር። ከግማሾቹ ያላነሱ በጥናቱ ጊዜ የሚቅሙ ሆነው ተገኙ። ከቃሚዎቹ በየቀኑ የሚቅሙት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። የሚያስገርመው ምክንያቱ ነው። ከቃሚዎቹ 80 በመቶ ያህሉ የሚቅሙት ለጸሎት ሐሳባቸውን ለመሰብሰብ መሆኑን ተናገሩ። ልብ በሉ፤ ለጨዋታ ወይም ሥራ አጥተው አይደለም፤ ሐሳብን ለመሰብሰብ! ፓታንጃሊ ድርሳኑን የጻፈበት ጉዳይ እኮ ይኸው ነው።

ስለዚህ በርጫን በስድብ የሚያሸንፉት የሚመስላቸው ሰዎች ይሳሳታሉ። በርጫ የታወቀ ሰዓት አለው፤ የታወቀ ፍራሽ፣ የታወቀ ጓደኛ፣ ዕጣን፣ ቡና። የቀረ ሰው «ምነው ጠፋህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ካሟላ በኋላ ነው ምርቃናው የሚመጣው፤ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል፣ ሲቆም ዱካኩ አለ፣ አንዳንዱም በጨብሲ ሊያወርደው ይሞክራል። ጓደኛችን በመጀመሪያው መንፈቅ ሁለት ኮርስ የወደቀው በዚህ ነው። እኛ ለእሱ ያቀረብንለት አማራጭ ምን ነበር? ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ገና እንቅልፍ ሊወስደው ሲል፣ ብርድ ላይ ውጣ! አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ዮጋ ሰዓት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሰዓት ያለው ማነው የሚለውም መጠየቅ አለበት። ማይሶር ላይ የሚማሩት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ኢንድራ ዴቪ በ1930ዎቹ ማብቂያ ልትማር ስትመጣ ክሪሽናማቻርያ አልቀበልም ብሎ የተቀበላት በማሃራጃው ትእዛዝ ነው። በእኛ ገጠር የእንሰቱን ሥራ የምትሠራዋን እናት ተመልከቱ። መሬት ላይ በቅጠል ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንሥታ ግንዱን በተጋደመው ሳንቃ ላይ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ ስትፍቅ ትውላለች። ቆጮው፣ ቡላውና ቃጫው የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚህ ሥራ በኋላ ውሃ አለ፣ ቡና አለ፣ ልጅ አለ። ለእሷ «ወገብሽን ዘርጊ» ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ ከሥራዋ አንዱን ተቀብሎ ግማሽ ሰዓት መስጠት ግን ማን ይሞክረዋል?

ቦታ ሲባል ጀፎረ ትዝ አለኝ። በጉራጌ መንደር ፊት ለፊት የተዘረጋው ያ ሰፊ ሣር የማንም የግል አይደለም፤ አጥር አይገባበትም፣ አይታረስም። ልጅ ይጫወትበታል፣ ሽማግሌ ይዳኝበታል፣ ሙሽራና አስከሬን ያልፍበታል። ያለ ሰንጠረዥ ሰው ወጥቶ ሰው የሚያገኝበት ነው። ዕቁብም እንዲሁ ነው። መርካቶ የገባው የጉራጌ ነጋዴ በዕቁብ የታወቀው ከሌላው ሰው የበለጠ ቁጠባ ስለሚወድ ብቻ አይመስለኝም። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ዋስ አለ፣ ቀን አለ። ብቻውን ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጥ ኖሮ ብሩን በሁለተኛው ሳምንት ያወጣው ነበር፤ ዕቁቡን ግን ተበድሮም ይጥላል።

የካቲት ላይ እንደገና ስንጀምር ይህንኑ ነው ያደረግነው። ግማሽ ሰዓት ቀርቶ ሩብ ሰዓት ሆነ። ሰዓቱን ከሱብሂ ጋር አሰርነው፤ ከመስጊድ የሚመለሰው ልጅ በር ያንኳኳል፣ ዲያቆኑም ጸሎቱን ጨርሶ ይጠብቃል። እንቅስቃሴውን የሚመራው ባለ ተራ ነው፤ የቀረ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። ለሦስተኛው ጓደኛችን ስንል ማክሰኞና ሐሙስን ወደ ቀኑ 8 ሰዓት አዛወርናቸው፤ ሰዓቱን ከበርጫው ሻማነው ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቀብን። ከዚያ መጣ፤ ሠርቶ ይሄድና ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይቀመጣል። መቃሙን አልተወም፣ ተወ ብዬም አልዋሽም። አንድ ሐሙስ ግን እኔ ቀርቼ ሻዩን ያስከፈለኝ እሱ ነው። አሁን ሰኔ ገብቶ ሣሩ ጭቃ ሆኗል፤ በረንዳው ደግሞ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ ሁለት ሁለት እየሆንን ተራ እንጠብቃለን።